በዘጠኝ ብሎን የታሰረ ሞተር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝና ኃላፊው ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ስለ ሰዓት አክባሪነቴ፣ ከሰው ጋር ስለ መግባባቴ የተለመደውን ካለ በኋላ ፈገግ ብሎ፣ «ውበቱ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድ ብሎን ሰብሮ አያውቅም» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡት ሹፌሮች እውነት ነው እያሉ መሰከሩልኝ። እኔም ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምን ብለው እንደሸኙኝ ጠየቀችኝና ነገርኋት። ደግ ነው፣ ያዩትን ነው የመሰከሩልህ አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልጠፋም። ብሎን ሰብሬ አውቃለሁና። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ግን ሰብሬአለሁ፤ መስበሬንም ሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ።

ሙያውን የተማርሁት እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከገበያው በላይ በነበረ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ የመኪና ሆድ ማያ ጉድጓድና አንዲት የዕቃ ክፍል ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ይባሉ ነበር። አጠር ያሉ፣ ክንደ ወፍራም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ከገጠር መጥቼ በራቸው ላይ ስቆም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መኪና ነድተህ ታውቃለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። በሬ ጠምደህ ታውቃለህ ወይ ነው ያሉኝ። አውቃለሁ ስላቸው፣ እንግዲያው መታገሥ ታውቃለህ ብለው አስገቡኝ።

ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው። ጋሽ ሰይድ ከመጀመራቸው በፊትም ይታጠቡ ነበር። ሞተር ሲፈቱ የወጣውን ብሎን ሁሉ በአወጣጡ ቅደም ተከተል ካርቶን እየበሱ ይሰኩታል፤ የትኛው ከየት እንደወጣ አይጠፋባቸውም። መፍቻው ብሎኑ ላይ ካረፈ በኋላ ማንም ቢያናግራቸው አይመልሱም። ሰው ሰላም ብሏቸው ዝም ሲሉት የተቀየመ ብዙ ነው።

እምቢ ያለ ብሎን ሲገጥማቸው መጀመሪያ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ ያጸዱታል። ቀጥለው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለው ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጡታል። ከዚያ በትንሽ መዶሻ የብሎኑን ራስ ቀስ አድርገው ይመቱና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ዝገት የያዘው ብሎን ሲመታ ድምፁ እንደ ድንጋይ ድፍን ነው። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅለት ግን ድምፁ ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ መፍቻ አያስነኩም። ከጠራም በኋላ ለመፍታት አይቸኩሉም፤ መጀመሪያ ጥቂት ያጠብቁታል። ዝገቱ በዚያ በኩል ካልተሰነጠቀ በዚህ በኩል አይለቅም ይላሉ። ከዚያ ትንሽ መፍታት፣ ትንሽ መመለስ፣ ሩብ በሩብ። አንዳንዱ ብሎን ሁለት ቀን ይፈጃል። ባለመኪናው ሲያጉረመርም፣ «ዝገቱ ስንት ክረምት ፈጅቶ ነው የያዘው? እኛ አንድ ቀን ብንጨምርለት ምናለበት» ይሉታል።

ከሁሉም በላይ የማልረሳላቸው ግን የሰበሩትን አለመደበቃቸው ነው። አንድ ጊዜ የአንድ እህል ነጋዴ መኪና ላይ ብሎን ተሰበረባቸው። ሰውየው እስኪመጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ሰላምታው ሳያልቅ እኔ ሰብሬብሃለሁ፣ ቦርቡሬ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፣ የድካሜን አልጠይቅህም አሉት። ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ ሳይነግሩት አውጥተው ቢሰጡት ምን ነበረበት አልኋቸው። እጃቸውን እየጠረጉ አዩኝና፣ «በሰው መኪና ውስጥ ያለውን እኛ አውቀን ባለቤቱ ካላወቀ፣ ሰረቅነው ማለት ነው» አሉኝ።

ይህን ሁሉ ዐሥር ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ሆኜ አየሁ። በዐሥረኛው ዓመት እኔም መካኒክ ተብዬ ሰው በስሜ ይጠራኝ ጀምሮ ነበር። ነገሩ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

አስማረ የሚባል የእኔው እኩያ የሆነ የገሳይ ሰው አሮጌ ፒክ አፕ ነበረችው። ከአባት ከእናቱ ጋር እየኖረ የአካባቢውን ድንችና ገብስ ወደ ደብረ ታቦር ያመላልስባት ነበር። መኪናዋ ውሃ እያፈላች አስቸገረችውና ወደ እኛ አመጣት። የሞተሩ ራስ፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ በዐሥር ረጃጅም ብሎን ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰራል። በሁለቱ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ልባስ አለ፤ የሞተሩን እሳት ከውሃው የሚለየው እሱ ነው። የአስማረ መኪና ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ዐሥሩን ብሎን መፍታት፣ ልባሱን መቀየር፣ መልሶ ማሰር ነው ሥራው።

ጋሽ ሰይድ ዘጠኙን ከፈቱ በኋላ የዘመድ ለቅሶ ተነገራቸውና ወደ ወረታ ሄዱ። ዐሥረኛው፣ ከኋላ ጥግ ያለው፣ እምቢ ብሏል። ሲሄዱ፣ ዘይት እያጠጣህ አቆየው፣ እኔ ስመለስ እናየዋለን አሉኝ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አስማረ መጣ። ነገ ገበያ ነው፣ ድንቹ ተቆፍሮ ሜዳ ላይ ነው፣ ዛሬ አይደርስልኝም ወይ አለኝ። አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ጠየቀኝ ብቻ። አይደርስም ማለት እችል ነበር። ግን ጋሽ ሰይድ የሌሉበት ቀን ነው፤ እኔ ብቻዬን የምሠራበት ቀን ነው። ይደርሳል አልሁት።

ብሎኑን በመዶሻ መታሁት። ድምፁ ድፍን ነበር። ሰማሁት። ሰምቼው መፍቻውን አስገባሁ፤ የመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰካሁና በሁለት እጄ ተንጠለጠልሁበት። መጀመሪያ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝና ደስ አለኝ። የተንቀሳቀሰው ግን ብሎኑ አልነበረም፤ እየተጠማዘዘ የነበረው ብረቱ ነው። ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። ግማሹ እጄ ላይ ቀረ፤ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ፣ ከገጹ በታች ተቀበረ።

ማድረግ የነበረብኝን አውቀው ነበር። በትራፓኖ መሐሉን መብሳት፣ ቀስ እያሉ ቦርቡሮ ማውጣት፣ ጥርሱን ማስተካከል። አንድ ቀን ተኩል ነው። ለአስማረ ሰብሬብሃለሁ ማለትም ነበረብኝ። እኔ ግን አዲሱን ጓርኒሲዮን አለበስሁ፤ ዘጠኙን ብሎን አጥብቄ አሰርሁ፤ የተቆረጠውን የብሎን ራስ ደግሞ በብረት ማስቲሽ በቦታው አጣበቅሁት። ከላይ ላየው ዐሥሩም እኩል ተደርድረዋል። አስማረ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አስነሣት፤ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ሠራ። አመስግኖኝ ሄደ። ጋሽ ሰይድ ሲመለሱ፣ ያ ብሎን ወጣልህ ወይ አሉኝ። ወጣልኝ አልኋቸው። እጅህ ተባርኳል አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ሠራች። ከዚያ በአንድ የበዓል ቀን ጠዋት የአስማረ አባት አቶ ተገኘ ሆዳቸውን ታመሙ። ሆዳቸው ተነፍቶ እንደ ከበሮ ጠጠረ። አስማረ መኪናው ላይ ሣር አንጥፎ አስተኛቸው፤ ታናሽ እህቱ እታገኝ ከኋላ ተቀምጣ ራሳቸውን በጭኗ ይዛ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተነሡ። የጉናን ዳገት ሲያጋምሱ ሞተሩ ነጭ ጢስ ተፍቶ ቆመ። በዓል ስለ ነበር መንገዱ ላይ መኪና የለም። በብርዱ ውስጥ አምስት ሰዓት ጠበቁ። ከሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና አግኝቷቸው ሲያነሣቸው አቶ ተገኘ ገና ይናገሩ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ግን አልፈዋል። ሐኪሙ አንጀታቸው ተጠማዝዞ ነበር፣ ጠዋት ቢደርሱ በቀዶ ሕክምና ይድኑ ነበር አላቸው።

የሰማሁት በማግሥቱ ነው። ሞተሩ ፈልቶ ቆመ ሲሉኝ የትኛው ጥግ እንደተነፈሰ ሳላየው አወቅሁ።

ከጋሽ ሰይድ ጋር ለቅሶ ደረስን። አስማረ ራሱን ተላጭቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ለመጣው ሰው ሁሉ በእኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው፣ ውሃውን ሳላይ ተነሥቼ ነው ይላል። ሰው የእግዜር ሥራ ነው እያለ ሲያጽናናው እታገኝ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ «የእግዜር ሥራ አይደለም። አባቴን የገደለው እሱ ነው፣ በመኪናው» አለች። እኔ ከአስማረ ሦስት ሰው ያህል ርቄ ነው የተቀመጥሁት። ያን ጊዜ ብናገር በሰው ፊት ነበር፤ እውነቱም በዚያው በሰው ፊት ይቆም ነበር። አፌ አልከፈት አለኝ።

ከሳምንት በኋላ መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው ቴስታታውን መፍታት ጀመሩ። ኋላ ጥግ ያለውን ሲነኩት፣ መፍቻውን ገና ሳይገፉት፣ የብሎኑ ራስ ተነቅሎ እጃቸው ላይ መጣ። በጨርቅ ጠርገው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልጮሁም። ሥራውን ትተው ሄደው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ብዙ ቆይተው ጠሩኝ።

«ይህን የምትነግረው አንተ ነህ» አሉኝ። «እኔ ብነግረው የሰው ኃጢአት አወራሁ ማለት ነው። አንተ ስትነግረው ግን ለእሱም ለአንተም ሸክሙ ይቀላል። ነገ ገሳይ ትሄዳለህ።»

ሄድሁ። አስማረ ቤት አልነበረም፤ ያገኘሁት እናቱን ነው። ሁለተኛ መጥቼ ስለጠየቅኋቸው መረቁኝ፤ እንደ ልጄ ሁንልኝ አሉኝ። አስማረ ከማሳ ሲመለስ በር ላይ አገኘሁት። የሄድሁበትን ልነግረው ጀምሬ፣ መኪናዋን ከፈትናት፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል አልሁት። እሱም ምን ይደረጋል፣ ውሃ ስላለቀባት ነዋ አለኝ። አዎ አላልሁትም፤ አይደለምም አላልሁትም። ደብረ ታቦር ተመለስሁና ጋሽ ሰይድ ነገርኸው ወይ ሲሉኝ፣ ነገርሁት አልሁ።

አስማረ መኪናዋን ሊወስድ የመጣ ዕለት የሆነው ከሁሉ ይከብደኛል። ጋሽ ሰይድ የተሰበረውን ቦርቡረው አውጥተው፣ ሞተሩን እንደ አዲስ አስረው ጨርሰዋል። የሥራ ዋጋ አልቀበልም አሉት። እሱም ለሐዘኑ የተደረገለት መስሎት አመሰገነ። ከዚያ ጋሽ ሰይድ ቀረብ ብለው፣ «ልጁ ነግሮሃል አይደል?» አሉት።

አስማረም፣ «አዎ፣ ነግሮኛል። ምን ይደረጋል፣ የመጣውን መቀበል ነው» አለ።

እሱ የሚለው የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ነው። እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። የጋሽ ሰይድ ዓይን እንባ ሞላ፤ ሳብ አድርገው ትከሻውን ሳሙት። እንዲህ ያለ ልብ አላህ ለስንቱ ይሰጠዋል አሉ። እኔ አራት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚያ ጋራዥ መሥራት አልቻልሁም። ሥራው ሳይሆን የጋሽ ሰይድ ደግነት ነው ያባረረኝ። ምንም እንዳልተፈጠረ መፍቻ ይሰጡኝ ነበርና። ማስታወቂያ ሳይ አመለከትሁ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መካኒክነት ተቀጥሬ ነፋስ መውጫ ተመደብሁ። ደመወዙ ከጋራዡ ያንሳል፤ ለአንድ የብሎን ዳዶ ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ግድ አልሰጠኝም። ከዚያ እብናት ተዛወርሁ፤ ብዙውን ዕድሜዬን የሠራሁት እብናት ነው።

እብናት ሳለሁ በትዕግሥቴ ስም አወጣሁ። እምቢ ያለ ብሎን ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አንድ ኃላፊ ነበረን፣ ችኩል፤ መኪና ለመስክ ሥራ ሲፈልግ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ይጮህብኛል። አልመልስለትም፤ ዘይቴን እያጠጣሁ ድምፁ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። እሱ ተዛውሮ ሌላው ሲመጣ ደግሞ ይኼ ሰውዬ እኮ ወርቅ ነው እያለ ለእንግዳ ያሳየኝ ነበር። ባመሰገኑኝ ቁጥር የገሳይ ድንኳን ይታየኛል። ትዕግሥቱን የተማርሁት ከጋሽ ሰይድ ነው ይላል ሰው፤ ጋሽ ሰይድ ዐሥር ዓመት አስተምረውኝ አልተማርሁም ነበር። የተማርሁት አቶ ተገኘ ከሞቱ በኋላ ነው።

በየዓመቱ ደብረ ታቦር ስመጣ ጋሽ ሰይድን እጠይቃቸው ነበር። ሁልጊዜም የአስማረን ነገር ያነሡብኛል። «እንዲያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም» ይሉኛል። «አንተም ብትሆን ወንድ ነህ፤ ሄደህ ነገርኸው።» ሲያርፉ እብናት ነበርሁ፤ ወሬው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው። እንዳመኑኝ ሞቱ።

ኋላ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወርሁና የመጨረሻዎቹን ዓመታት እዚሁ ሠራሁ። መኪናው ሁሉ ተለወጠ። ዛሬ ሞተሩ ምን እንደሆነ የሚነግርህ ኮምፒውተር ነው፤ ወጣቶቹ ገመድ ሰክተው ያነቡታል። አልጠላሁትም። ብሎን ግን ያው ብሎን ነው፤ ይዝጋል፣ ይይዛል፣ ካስቸኮሉት ይሰበራል።

ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር አንድ የእድር ጓደኛዬ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ጎረቤቱ የሆነ ሰው ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ለመጠገን ሁለት ቀን ከአንድ ብሎን ጋር ሲታገል እንደሰነበተ ነገረኝ። አሁን በመሮ ሊመታው ነው፣ ሳይሰብረው ብትደርስለት አለኝ። ዕቃዬን ይዤ ሄድሁ። ሰውየው መኪናው ሥር ተኝቶ ነበር። ወጥቶ አፈሩን አራግፎ ቀና ሲል አስማረ ነው። ሸብቷል፤ ጎብጧል። እሱ ቀድሞ አወቀኝ።

«የጋሽ ሰይድ ልጅ አይደለህም?» አለኝ። ናፍቆ እንደኖረ ሰው አቀፈኝ።

ብሎኑ የውሃ ፓምፑን የሚያስረው ነው። አዲስ ፓምፕ ገዝቶ አስቀምጧል፤ አሮጌውን ማውጣት ነው ያቃተው። ባልሆነ መፍቻ ታግሎት የብሎኑን ማዕዘን በልቶታል። ሁለት ጎኑን በሞረድ አስተካከልሁለት፤ ዙሪያውን በብሩሽ ጠረግሁ፤ ናፍጣና ዘይቱን አጠጣሁት። መታሁት፤ ድፍን ነው። መጠበቅ አለብን አልሁት። ሣጥን አመጣልኝና መኪናው አጠገብ ተቀመጥን።

ዝም ማለት ስላልወደደ ስለ ኑሮው ያወራኝ ጀመር። መኪናዋን የሚፈልጋት ገብስ ዘር ወደ ገሳይ ሊያደርስባት ነው። እታገኝ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የአባታቸውን መሬት ታርሳለች። ከእጁ ግን አትቀበልም። በየዓመቱ ዘሩን ከጎረቤቷ ቤት ያራግፈዋል፤ እሷም ከማን እንደመጣ እያወቀች እንደማታውቅ ሆና ትዘራዋለች። ከለቅሶው በኋላ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ገሳይን ለቆ እዚህ የገባውም ለዚያ ነው። «እናቴ ስትሞት እንኳ የነገሩኝ ከቀብሯ በኋላ ነው» አለኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ አልተለወጠም። የለመደው ነገር ነው።

ዘይቱ ወደ ብሎኑ እስኪዘልቅ የምሠራው ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የምሸሽበትም ቦታ አልነበረኝም።

«አስማረ፣ አባትህ የሞቱት በአንተ አይደለም» አልሁት። «ያን ሞተር ያሰርሁልህ በዘጠኝ ብሎን ነው። ዐሥረኛውን ሰብሬው ነበር። ራሱን አጣብቄ ሸፈንሁት። ዳገት ላይ የቆመችው በውሃ አይደለም፣ በእኔ ነው።»

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ሁሉንም ነገርሁት፤ ቱቦውን፣ ማስቲሹን፣ ድንኳኑን፣ በሩ ላይ ያልሁትን። ሲሰማ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ጋሽ ሰይድ ያውቁ ነበር ወይ አለኝ። ያውቁ ነበር፤ ግን የነገርሁህ መስሏቸው ሞቱ፣ እሳቸውንም ዋሸኋቸው አልሁት።

«ትከሻዬን የሳሙኝ ለዚያ ነው?»

«ለዚያ ነው።»

ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ታዲያ ያን ዕለት ውሃውን አይቼው ነበር ማለት ነው» አለ። «ክዳኑን ከፍቼ አይቼ ነበር እኮ። ሞልቶ ነበር። እታገኝ ሳያይ ነው ስትል፣ ሰውም ሲል፣ እኔም እያደር አላየሁም ብዬ አመንሁ።»

ተነሥቶ ቤት ገባ። ጠበቅሁት። ይውጣና ይምታኝ ብዬ ነው የጠበቅሁት። ሲወጣ ፊቱን ታጥቧል። ብሎኑ ይወጣል ወይ አለኝ። ነገ ጠዋት ይወጣል አልሁት።

«እንግዲያው ነገ ና። ከዚያ ገሳይ እንሄዳለን። ለእታገኝ የምትነግራት አንተ ነህ።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኋት። ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ እየቀረብህ አለችኝ።

ጠዋት ብሎኑን ስመታው ድምፁ ጠርቷል። ጥቂት አጠበቅሁት፤ ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ሩብ ወደዚህ፣ ሩብ ወደዚያ፣ በሙሉ ጥርሱ ወጣ። በሥራ ዘመኔ ካወጣሁት ብሎን ሁሉ ደስ ያላለኝ እሱ ብቻ ነው። ፓምፑን ቀይረን ውሃ ሞላን። አስማረ ክዳኑን ከፍቶ አየና እኔንም ጠርቶ፣ አንተም እይ አለኝ። አየሁ። ገብሱን ጭነን ተነሣን። ያ ዳገት ዛሬ አስፋልት ነው፤ ስናልፈው እሱም አልቆመ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

በዚህኛው ጊዜ አስማረ ዘሩን ጎረቤት ቤት አላራገፈም። መኪናዋን እታገኝ ግቢ አስገባት። እሷ ከጓሮ እጇን እየጠረገች መጣች፤ ወንድሟን ስታይ እርምጃዋ ተገታ። እኔ ወርጄ ቆሜ ነገርኋት። ለአስማረ እንደነገርሁት አላስረዘምሁም፤ አባቷን ዳገት ላይ ያስቀረው የእኔ ሥራ እንደሆነ፣ ወንድሟ ውሃውን አይቶ እንደተነሣ፣ በለቅሶው ቀን ስትናገር እዚያው ተቀምጬ ዝም እንዳልሁ ነገርኋት።

እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግን ያየችው እኔን አልነበረም።

«አስማረ» አለች፣ «እናታችን ስታጣጥር ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ጥሩልኝ ስትል ነበር። አይጠራም ያልሁ እኔ ነኝ። መጥቷል፣ ተኝተሽ ሳለ አይቶሽ ሄደ ብዬ ዋሸኋት።»

አስማረ ያለበት ቦታ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ ያንን አላውቅም ነበር። አንድ ሰው የገደልሁ መስሎኝ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርሁት። እሳቸው፣ እንደ ልጄ ሁንልኝ ያሉኝ እናት፣ ልጃቸውን እየተጣሩ እንደሞቱ አላውቅም ነበር።

እታገኝ ወደ እኔ ዞረች። «ሌላ የሚነግሩን አለ?» አለችኝ።

የለም አልኋት።

«እንግዲያው ይሂዱ። የቀረው የእኔና የወንድሜ ነው።»

ይቅርታ ልላት ነበር፤ ግን ያ እንኳ ከእነሱ የሚወሰድ ነገር መሰለኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ በእግሬ ወርጄ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ ቆየሁ። ሁለት ሚኒባሶች ሞልተው አለፉኝ። ከቆምሁበት የእታገኝ ግቢ በር ይታያል። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሜአለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የአስማረ መኪና አልወጣችም።